በፕላስቲክ ፊልም ላይ የሚጣል አንቲ ዳምፒንግ፦ ክለሳው ላይ የገዢው ድምፅ የት አለ?

የሰኞ ገበያ ባልትና (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ባልትና አዘጋጃለሁ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎ። ለበርበሬና ለሽሮ ህትመት ያለበት፣ ሁለት ንብርብር ፊልም እንጠቀማለን። እሱ ከውጭ የሚመጣ ጥቅልል ነው። ለቆሎ ደግሞ ተራውን ፕላስቲክ ከኮምቦልቻ እወስዳለሁ።

ሰሞኑን የማውቃቸው አንድ ፊልም አምራች «መንግሥት ከውጭ በሚገባው ላይ አንቲ ዳምፒንግ ቢጥልልን እኮ እንተነፍስ ነበር» አሉኝ። አላግባብ በረከሰ የውጭ እቃ ላይ የሚታከል ቀረጥ ነው አሉ። ደነገጥኩ። ጥቅልሉ በተወደደ ቁጥር የኔ ሽሮ ይወደዳል። ግማሽ ኪሎ ሽሮ ለመግዛት ሳንቲም የምትቆጥረውን ደንበኛዬን ምን ልበላት?

ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። አሜሪካ ከህንድና ከታይዋን በሚገባ የፒኢቲ ፊልም (አንድ የፕላስቲክ ፊልም ዓይነት ነው) ላይ እ.ኤ.አ. በ2002 የጣለችው ቀረጥ በክለሳ እየታደሰ ብዙ ዓመት ቆየ ይላል። ዕድሜው አምስት ዓመት ነው አይባልም እንዴ? ክለሳ የሚሉት ነገር የምር ምርመራ ነው ወይስ ማራዘሚያ ማህተም? እንደኔ ያለውን ፊልም ገዢስ የሚጠይቀው አለ?

ፋብሪካ ይዘጋ ማለቴ አይደለም። የኮምቦልቻ ልጆች እንጀራቸው እዚያ ነው። ግን የምከፍለውን ነገር ማወቅ እፈልጋለሁ። የሚያውቅ ያስረዳኝ።

ደረቅ ወደብ (ኮምቦልቻ)

እህቴ፣ ጥሩ ጠየቅሽ። ትራንዚተር ነኝ፤ ከወረቀቱ በኩል ላስረዳሽ።

ዲክላራሲዮን (ለጉምሩክ የሚሞላው የእቃ ማሳወቂያ ወረቀት) ላይ የምናያቸው የጉምሩክ ቀረጥ፣ ሱር ታክስና ቫት የሚሰሉት በእቃው ዓይነት ነው። አንቲ ዳምፒንግ ከነሱ በላይ የሚታከል ሆኖ የአገርና የአምራች ስም ይዞ ይመጣል። ከአንድ አገር፣ ከሁለት ፋብሪካ የመጣ አንድ ዓይነት ፊልም የተለያየ ሊከፍል ይችላል። አንዱ 5 በመቶ፣ ሌላው 40 በመቶ።

ሌላው ነገር፣ ርካሽ ስለሆነ ብቻ ዳምፒንግ አይባልም። ዳምፒንግ ማለት አምራቹ እቃውን በራሱ አገር ከሚሸጥበት ዋጋ አሳንሶ ወደ ውጭ ሲሸጠው ነው። አንዳንድ አስመጪ ኢንቮይሱን ዝቅ አስደርጎ የሚያስገባው ከዚህ ጋር አይገናኝም። እሱ ማጭበርበር ነው፤ የሚያየውም ጉምሩክ ነው። እዚህ አካባቢ ሁለቱን እያደባለቁ ሲያወሩ በጣም እሰማለሁ።

ማይክሮን (ኮምቦልቻ)

ስለኔ ይመስለኛል የተወራው 🙂 ባይሆንም እንደኔ ያለ ሰው ነው። ፊልም ማውጫ ማሽን ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሁን የምርት ኃላፊ ነኝ።

እታለም፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ፍሬውን (ጥሬ እቃውን) እኛም ከውጭ ነው የምናመጣው፣ በዶላር። ብር ከተለቀቀ ወዲህ፣ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ማለቴ ነው፣ ያ ዋጋ ምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ፍሬውን አቅልጠን፣ በአየር ነፍተን፣ አቀዝቅዘን፣ ጠቅልለን ስንጨርስ ገበያ ላይ የምናገኘው ከውጭ ተሠርቶ የመጣ ጥቅልል ነው። አንዳንዴ የሱ የኪሎ ዋጋ እኛ ፍሬውን ከገዛንበት እምብዛም አይበልጥም። የመብራቱ፣ የሠራተኛው፣ የማሽኑ ወጪ የት ሄደ? በዚህ ዋጋ ሸጦ ማን ያተርፋል?

ሌላም አለ። ጥቅልሉ ላይ ውፍረቱ 40 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) ተብሎ ተጽፎ በመለኪያ ስንይዘው 32፣ 33 የሚወጣ አለ። ገዢው የሚገዛው በሜትር ከሆነ ያንን አያውቅም። እኛ እውነተኛ 40 አውጥተን «ውድ ናችሁ» እንባላለን። ይህ ያንገበግባል።

የሆጤ ልጅ

ከውጭ የሚመጣውን ሁሉ መከልከል ነው። ቀላል።

የሰኞ ገበያ ባልትና (ደሴ)

ወንድሜ የሆጤ፣ ቢከለከል ነገ ሽሮዬን በምን ላሽግ? ህትመት ያለውን ድርቡን ፊልም በምፈልገው ጥራት እዚህ አላገኘሁም። በተራ ፕላስቲክ ያሸግኩት በርበሬ ቶሎ ሽታው ይጠፋል፣ ቀለሙም ይደበዝዛል። ሞክሬ ነው የምናገረው።

ጋሼ ማይክሮን፣ የማይክሮኑ ነገር እኔንም አናደደኝ። መለኪያ የለኝም። እስካሁን በእጄ እየዳሰስኩ ነው የምገዛው።

መምህር ቦርከና

የንግድ ሕግ አስተምራለሁ። ጽሑፌ ይረዝማል፤ ታገሡኝ።

መጀመሪያ ስሌቱ። እንበል አንድ የውጭ ፋብሪካ ፊልሙን በአገሩ ከፋብሪካው በር ላይ በኪሎ 1.50 ዶላር ይሸጣል። ለእኛ የሚልከው፣ የመርከቡና የመድኑ ወጪ ተቀንሶ፣ በ1.20 ነው። ልዩነቱ 30 ሳንቲም ነው። ለ1.20 ሲካፈል 25 በመቶ ይሆናል። የዳምፒንግ ህዳግ የሚባለው ይህ ነው። የክፍያ ጊዜ፣ ማሸጊያ፣ የሽያጭ መጠን ሁሉ ይስተካከላል፤ እኩያ ከእኩያ ጋር ካልተነጻጸረ ቁጥሩ ዋጋ የለውም። በዓለም ንግድ ድርጅት ስምምነት መሠረት ህዳጉ ከ2 በመቶ በታች ከሆነ ምርመራው ይዘጋል። ከአንዱ አገር የሚመጣው ከጠቅላላው ገቢ እቃ ከ3 በመቶ በታች ከሆነም በመርህ ደረጃ ይዘጋል።

ግን ህዳግ መኖሩ ብቻውን አይበቃም። የአገር ውስጥ አምራች መጎዳቱ፣ ጉዳቱም የመጣው በዚያ እቃ ምክንያት መሆኑ ሦስቱም አንድ ላይ መረጋገጥ አለባቸው። ጋሼ ማይክሮን፣ በአክብሮት ነው የምናገረው፤ የእርስዎ ዓይነት ክርክር የሚፈተነው እዚህ ጋ ነው። መብራት በመጥፋቱ ማሽን ቆሞ ከሆነ፣ ዶላር ባለመገኘቱ ፍሬ ካልገባ፣ በ2014 ጦርነት ንብረት ተዘርፎ ከሆነ፣ ያ ጉዳት ሁሉ እውነተኛ ጉዳት ነው። ኮምቦልቻ ምን እንደደረሰባት ሁላችንም አይተናል። ሆኖም ስምምነቱ እነዚህን በገቢ እቃው ላይ አታላክኩ ይላል። መርማሪው ለይቶ ማየት ግዴታው ነው።

አሁን ወደ ክለሳው። የእህቴ ጥያቄ ዋናው እሱ ነውና።

ስምምነቱ አንቀጽ 11 ላይ ቀረጡ የሚቆየው ዳምፒንጉን ለመመከት አስፈላጊ እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው ይላል። አምስት ዓመት ሲሞላው ይነሳል። የማይነሳው አንድ ነገር ሲሆን ነው፦ ቀረጡ ቢነሳ ዳምፒንጉና ጉዳቱ ይቀጥላል ወይም ተመልሶ ይመጣል የሚያሰኝ ሁኔታ መኖሩ በክለሳ ሲረጋገጥ። ክለሳው በጊዜው ከተጀመረ እስኪያልቅ ቀረጡ ባለበት ይቆያል። በመደበኛው በ12 ወር ውስጥ መጠናቀቅ አለበት። እንግዲህ አምስት ዓመት ጣሪያ የሚመስለው ነገር በየአምስት ዓመቱ የሚከፈት በር ነው። አሜሪካ ውስጥ የህንዱና የታይዋኑ በዚያ በር እየገባ ነው የቆየው።

ይህ ግን ማህተም ብቻ ነው ማለት አይደለም። ያው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 ከብራዚል፣ ከቻይናና ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ በሚገባ የፒኢቲ ፊልም ላይ ቀረጥ ጥላ ነበር። የመጀመሪያው የአምስት ዓመት ክለሳ ሲደረግ የቻይናና የኤምሬትስ ቀጠለ፤ የብራዚል ተነሳ። አንድ እቃ፣ አንድ ክለሳ፣ ሁለት ውጤት።

ደረቅ ወደብ (ኮምቦልቻ)

መምህር፣ የአሜሪካው ዓመታዊ ክለሳ የሚባለውንም ያስረዱልን። አስመጪውን የሚያስለቅሰው እሱ ነው ሲባል ሰምቻለሁ።

መምህር ቦርከና

ትክክል ነው። አሜሪካ የምትሠራው ወደ ኋላ ተመልሶ በማስላት ነው። አስመጪው ፊልሙን ሲያስገባ የሚከፍለው ማስያዣ ነው እንጂ የመጨረሻው ቀረጥ አይደለም። ትእዛዙ የወጣበት ወር በየዓመቱ ሲደርስ አምራቾችም ላኪዎችም አስመጪዎችም «ይከለስልን» ማለት ይችላሉ። የንግድ መሥሪያ ቤቱ ያለፈውን ዓመት ሽያጭ አንድ በአንድ ያያል። አዲሱ ህዳግ ከማስያዣው ካነሰ ተመላሽ አለ። ከበለጠ ግን አስመጪው ከነወለዱ ይጨምራል፤ እቃው ከተሸጠና ትርፉ ከተበላ በኋላ ማለት ነው። ክለሳ የጠየቀ ከሌለ ማስያዣው የመጨረሻ ሆኖ ይዘጋል።

አውሮፓ ኅብረት ሌላ ነው። መጠኑ ቀድሞ ይታወቃል፤ አስመጪው እዚያው ከፍሎ ይገላገላል። ደግሞ ጉዳቱን ለማስቀረት 15 በመቶ የሚበቃ ከሆነ ህዳጉ 25 ቢሆንም በአብዛኛው 15 ነው የሚጣለው።

በሁለቱም ቦታ ዝም ያለ ይሸነፋል። በአሜሪካ የአምስት ዓመት ክለሳ ላይ ከአገር ውስጥ አምራቾች መልስ የሰጠ ካልተገኘ ቀረጡ ይሰረዛል። የውጭ አምራቾች ዝም ካሉ ደግሞ መርማሪው በእጁ ባለው መረጃ ይወስንባቸዋል፤ ያ መረጃ ብዙ ጊዜ የከሳሹ ነው። ለመጠይቁ ያልመለሰ ኩባንያ ከፍተኛው መጠን የሚጫንበት ለዚህ ነው።

የሰኞ ገበያ ባልትና (ደሴ)

እግዜር ይስጥልኝ መምህር፣ አሁን ገባኝ። ግን የኔ ጥያቄ ገና አልተመለሰም። እኔ አምራችም ላኪም አይደለሁም። ፊልሙን ገዝቼ እጠቀማለሁ። ዝም ያለ ይሸነፋል ካሉ እኔን የት ቁጭ ብዬ እንድናገር ነው የሚፈልጉት?

መምህር ቦርከና

ስምምነቱ ለኢንዱስትሪ ተጠቃሚዎች ስለ ዳምፒንጉ፣ ስለ ጉዳቱና ስለ መንስኤው መረጃ የማቅረብ ዕድል ይሰጣል። አሜሪካም ጉዳቱን የሚያየው ኮሚሽን ለገዢዎች መጠይቅ ይልካል። ከማን ትገዛላችሁ፣ ለምን፣ ጥራቱ እንዴት ነው እያለ ይጠይቃል። ነገር ግን «ቀረጡ ለኔ ውድ ነው» የሚለው እዚያ ቀረጡን አያስቀርም። አውሮፓ ላይ ግን የኅብረቱ ጥቅም የሚባል ፈተና አለ። አምራቹን፣ አስመጪውን፣ ተጠቃሚውን በአንድ ሚዛን አስቀምጠው ያያሉ። ቀረጡ ለኅብረቱ እንደማይበጅ በግልጽ ከታየ ዳምፒንግ ተረጋግጦም ሊቀር ይችላል።

እኔ ለእኛ ዓይነት አገር የሚስማማው የአውሮፓው ነው ባይ ነኝ። ሁለት ሦስት አምራች፣ በመቶ የሚቆጠር ትንንሽ አሻጊ ባለበት ገበያ የአሻጊው ድምፅ ካልተሰማ ክለሳው የአንድ ወገን ጉዳይ ሆኖ ይቀራል።

ማይክሮን (ኮምቦልቻ)

መምህር፣ የመብራቱንና የጦርነቱን ነገር ሲያነሱ ቅር ብሎኝ ነበር። አስቤበት እውነት አላቸው አልኩ። ማሽናችን የቆመበትን ቀን ሁሉ በገቢ እቃ ላይ ብጭን አይቆምልኝም። ግን ማሽኑ እየሠራ፣ ፍሬም እያለ፣ ትእዛዝ ጠፍቶ የቆምንበት ጊዜ አለ። ገዢው «ከውጭ የመጣውን በዚህ ዋጋ አገኘሁ» ብሎ ትእዛዙን የሰረዘበት። ይህንን ለይቼ ማሳየት ከቻልኩስ?

መምህር ቦርከና

እሱ ነው ማስረጃ ማለት፣ ጋሼ። ማሽን የቆመበት ምክንያት በየቀኑ ተለይቶ ይጻፍ። መብራት ከሆነ መብራት፣ ፍሬ ከሆነ ፍሬ፣ ትእዛዝ ከሆነ ትእዛዝ። የተሰረዘ ትእዛዝ በደብዳቤም በቴሌግራምም ቢሆን ይቀመጥ። የመሸጫ ዋጋ በየወሩ፣ የሽያጭ ኪሎ፣ የሠራተኛ ቁጥር፣ መጋዘን ውስጥ ያለ ክምችት። የትም አገር መርማሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው እነዚህን ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ክለሳ ሲመጣ ደግሞ እነዚሁ ወረቀቶች እንደገና ይጠየቃሉ። ያኔ ፋብሪካው በተሰጠው ጊዜ ምን አሻሻለ የሚለው ይታያል።

ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን አይበቃም። አቤቱታውን የሚደግፉት አምራቾች ድርሻ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ቢያንስ 25 በመቶ መሆን አለበት። አስተያየት ከሰጡትም መካከል የደጋፊዎቹ ምርት ከተቃዋሚዎቹ መብለጥ አለበት።

ቦሩ ሜዳ

ጥያቄ አለኝ። እኛ ጥቅልሉን ከውጭ አስመጥተን እየቆረጥን፣ ጎኑን በሙቀት እያጣበቅን ከረጢት እንሠራለን። እኛስ አምራች ነን?

ማይክሮን (ኮምቦልቻ)

አይደላችሁም በለው 😀 ይቅርታ ወንድም ዓለም፣ ሙያውን አልናቅኩም። ግን ፊልሙን አላወጣችሁም።

መምህር ቦርከና

ጋሼ ማይክሮን የተናገሩት ወደ ሕጉ የተጠጋ ነው። አቤቱታው ስለ ጥቅልል ፊልም ከሆነ የአገር ውስጥ ኢንዱስትሪ የሚባለው ተመሳሳዩን ጥቅልል ፊልም የሚያመርተው ነው። እናንተ ተጠቃሚ ትሆናላችሁ። ፊልም እያመረተ ያንኑ ፊልም ከውጭም የሚያስገባ ፋብሪካ ካለ እሱም ከቆጠራው ሊወጣ ይችላል። ሁለቱንም የሚሠሩ ስላሉ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በእቃው መግለጫ ላይም ብዙ ክርክር ይነሳል። የአሜሪካው የፒኢቲ ፊልም ትእዛዝ ብረት የተቀባበትን ፊልም አያካትትም። ቢያንስ አንዱ ገጹ ላይ ከ0.00001 ኢንች የወፈረ የአሠራር ጥራት የሚጨምር ሽፋን ያለውንም አያካትትም። ይህ የአንድ ማይክሮን ሩብ ገደማ ነው። በዚያች ሩብ ማይክሮን አንድ ኮንቴይነር ቀረጥ ይከፍላል ወይም አይከፍልም። የእህቴ የሽሮ ፊልምና የጋሼ ማይክሮን ተራ ፊልም አንድ እቃ ናቸው ወይ ብሎ መጠየቅ ስለዚህ ተገቢ ነው።

የሰኞ ገበያ ባልትና (ደሴ)

አያችሁ! እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ጋሼ ድርቡን ፊልም የማያመርቱ ከሆነ በሱ ላይ ቀረጥ ቢጣል እኔ እከፍላለሁ እንጂ እሳቸው አንድ ኪሎ አይሸጡልኝም። በተራው ላይ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ተራውን ቀድሞም ከሳቸው ነው የምገዛው።

ጦሳ አረንጓዴ

ሁላችሁም ስለ ዋጋ ታወራላችሁ። ቦርከናን ዳር ሄዳችሁ እዩት፣ ፌስታል ነው የሞላው። ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያነሰ የፕላስቲክ ከረጢት በ1999 በወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ተከልክሎ ነበር፤ ማን ተቆጣጠረ? ቀረጡ ይጣልና ፕላስቲክ ይቀንስ።

ደረቅ ወደብ (ኮምቦልቻ)

ወንድሜ፣ ሐሳብህ ትክክል ነው፤ መሣሪያው ግን ይህ አይደለም። አንቲ ዳምፒንግ የውጭውን ፊልም አስወድዶ የአገር ውስጡን ያበዛል እንጂ ፌስታል አያጠፋም። የአካባቢ ጉዳይ የራሱ ሕግና የራሱ ተቆጣጣሪ አለው። ሁሉንም በአንድ ቀረጥ ላይ ከጫንነው ክለሳው ሲመጣ ምን ለካን ተብሎ ሊጠየቅ ነው?

የሆጤ ልጅ

እሺ ተምሬያለሁ። ግን መንግሥት አንዴ የጣለውን ቀረጥ መቼ አንስቶ ያውቃል? ወረቀት ላይ አምስት ዓመት ይባልና ይረሳል።

መምህር ቦርከና

ፍርሃትህ ልክ ነው፤ እኔም እፈራለሁ። ክለሳ ሰው ይፈልጋል። የፋብሪካ ሂሳብ ማንበብ የሚችል ባለሙያ፣ የውጭ ላኪ የሰጠውን መልስ ቦታው ድረስ ሄዶ የሚያጣራ መርማሪ፣ የተጎዳ ወገን ይግባኝ የሚልበት ቦታ። ቀረጡን መጣል ከዚህ ሁሉ ይቀልላል። ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ የአፍሪካ ነፃ የንግድ ቀጣናን ስምምነትም እ.ኤ.አ. በ2019 አጽድቃለች፤ እሱም ስለ ንግድ መከላከያ እርምጃዎች ራሱን የቻለ አባሪ አለው። በሮቹ ሲከፈቱ ይህ ሥራ እንደሚመጣ የታወቀ ነው። ለኔ ትልቁ ጥያቄ የሚከልሱት ሰዎች ከወዲሁ እየሠለጠኑ ነው ወይ የሚለው ነው። ተማሪዎቼን በዚህ በኩል ሂዱ የምላቸውም ለዚህ ነው።

ማይክሮን (ኮምቦልቻ)

እኔ በበኩሌ የማብቂያ ቀን ቢጻፍበት አልጠላም። ለዘላለም ደግፉኝ አላልኩም። ድርቡን ፊልም የሚያወጣ ማሽን ለማስገባት ጊዜ ስጡኝ ነው የምለው።

እታለም፣ የማይክሮን መለኪያው እኛ ጋ አለ። ጥቅልል ስትገዢ አንድ ክንድ ያህል ቆርጠሽ አምጪ፤ ከውጭ የመጣም ይሁን የኛ፣ ፊትሽ እንለካዋለን። ዳርና ዳሩን፣ መሐሉንም መለካት አለብሽ፤ በአንድ ቦታ ብቻ ከተለካ ያታልላል። ገንዘብ አንቀበልም።

የሰኞ ገበያ ባልትና (ደሴ)

አላህ ይስጥልኝ ጋሼ፣ እመጣለሁ። የሽሮውንም የቆሎውንም ይዤ።

እንግዲህ አቋሜን ልናገር። በተራው ፊልም ላይ ዳምፒንግ መኖሩ በቁጥር ከተረጋገጠ፣ ማብቂያ ቀኑ ከተጻፈ፣ ክለሳውም ላይ እኛ አሻጊዎች ከተጠራን አልቃወምም። ድርቡን ፊልም ግን እዚህ የሚያመርተው ሳይኖር እንዳይነኩብን። ከደሴ አሻጊዎች ጋር ተሰብስበን ይህንኑ ጽፈን ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ብናስገባ ይሻላል። በየወሩ ስንት ኪሎ ፊልም እንደምንገዛና በስንት እንደምንገዛ ደረሰኝ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

ቦሩ ሜዳ

እኔ ደረሰኝ አለኝ፣ እልካለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ አምስት ዓመቱ ሳይሞላ ነገሩ ቢለወጥስ? ለምሳሌ የውጭው ፋብሪካ ዋጋውን ቢያስተካክል።

መምህር ቦርከና

ይቻላል። በቂ ጊዜ ካለፈ በኋላ ጉዳዩ የሚመለከተው ወገን ማስረጃ አቅርቦ በመሐል እንዲከለስ መጠየቅ ይችላል። አውሮፓ ላይ ያ ጊዜ ቢያንስ አንድ ዓመት ነው። ቀረጡ ከእንግዲህ አያስፈልግም ከተባለ ወዲያው ይነሳል። መርማሪው ራሱም ማንም ሳይጠይቀው መጀመር ይችላል።

ደረሰኙን ስትልክ ቀኑና ማይክሮኑ የተጻፈበት ይሁን።